ስለ ፖከር ያልተጻፉ፣ ፖከር ተጫዋችን ግን የሚያርሙ መጻሕፍት

እስቲ በአንድ የካርታ ጨዋታ እንጀምር። ፖከር ተጫውታችሁ ባታውቁም ችግር የለም፤ የሚያስፈልገን ትንሽ ሒሳብ ብቻ ነው። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የፖከር ዓይነት እያንዳንዱ ተጫዋች እሱ ብቻ የሚያያቸው 2 ካርታዎች ይሰጡታል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሁሉም የሚጋሯቸው 5 ካርታዎች ደረጃ በደረጃ ይገለጣሉ። እናንተ በእጃችሁ 2 ልብ ይዛችኋል እንበል። ጠረጴዛው ላይ ከተገለጡት 4 ካርታዎች ውስጥም 2ቱ ልብ ናቸው። የመጨረሻዋ ካርታ ልብ ሆና ከመጣች ታሸንፋላችሁ፤ ካልመጣች ትሸነፋላችሁ። መሐል ላይ 300 ብር ተቀምጧል። የመጨረሻዋን ካርታ ለማየት 100 ብር መጨመር አለባችሁ። ትጨምራላችሁ ወይስ ካርታችሁን ትጥላላችሁ?

ሒሳቡ ወዲህ ነው። ካርታው 52 ነው፤ 6ቱን አይታችኋል፤ ያላያችኋቸው 46 ናቸው። ልብ በጠቅላላው 13 ነው፤ 4ቱ ታይተዋል፤ 9 ቀርተዋል። ይህንኑ ጨዋታ 46 ጊዜ ብትጫወቱት በአማካይ 9 ጊዜ 300 ብር ታገኛላችሁ፤ 37 ጊዜ ደግሞ 100 ብር ታጣላችሁ። የገባው 2,700፣ የወጣው 3,700፤ ኪሳራው 1,000 ብር። ስለዚህ ትክክለኛው ውሳኔ ካርታውን መጣል ነው።

አሁን ግን ሒሳቡን ትታችሁ 100 ብሩን ጨመራችሁ እንበል። ልቧም መጣች! 300 ብሩን ሰበሰባችሁ፤ በዙሪያችሁ ያለው ሁሉ አጨበጨበ። ውሳኔያችሁ ትክክል ነበር ማለት ነው?

አልነበረም። ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ ውሳኔው ግን መጥፎ ነበር። እነዚህን ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት ለሰው ልጅ አእምሮ ከባድ ነገር ነው። በነሐሴ ጃንጥላ ይዞ የወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ባይዘንብ «ተሳሳትኩ» አይልም። ገንዘብ ሲመጣ ግን ይህ ማስተዋል ይጠፋብናል፤ ካሸነፍን ጎበዝ ነን፣ ከተሸነፍን ዕድላችን ጠማማ ነው።

ስለ ፖከር የተጻፉ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። የትኛው ካርታ ይጣላል፣ የትኛው ይያዛል፣ መቼ ብር ይጨመራል የሚለውን በሰንጠረዥ ያስቀምጣሉ። ነገር ግን ሰንጠረዡን በቃሉ የሚያውቅ ተጫዋችም በንዴት ሰዓት ሰንጠረዡን ይረሳዋል። በሽታው ካርታው ላይ ሳይሆን ጭንቅላታችን ውስጥ ነው። መድኃኒቱንም ብዙ ጊዜ የምናገኘው ስለ ፖከር ባልተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

«እኛ ሰፈር ማን ፖከር ይጫወታል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ አዲሱ ገበያ ላይ ከታክሲ ወርዳችሁ የፖከር ጠረጴዛ ብትፈልጉ በቀላሉ አታገኙም። ፑል፣ ከረንቡላና ጆተኒ ግን አይጠፋም። ከሁሉም በላይ የስፖርት ውርርዱ አለ፤ በሰፈር ቋንቋ ቤቲንግ። ከጉለሌ እስከ ሌላው የከተማው ጫፍ ብዙ ወጣት የታክሲ ብሩን፣ የቀን ሥራ ደመወዙን፣ አንዳንዴም የትምህርት ቤት ክፍያውን በቲኬት ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ጉዳዩ ይመለከተናል። ከዚህ በታች አራት መጻሕፍትንና አንድ የጥናት ጽሑፍ በሦስት ጥያቄዎች እንፈትናለን። ውሳኔንና ውጤትን እንድንለይ ያስተምሩናል? ከፊት ለፊታችን የተቀመጠው ማን እንደሆነ ያሳዩናል? መቼ አለመጫወት እንዳለብንስ ይነግሩናል?

ካኔማን፦ አእምሯችን የሚያቋርጣቸው መንገዶች

የመጀመሪያው የዳንኤል ካኔማን «ቲንኪንግ፣ ፋስት ኤንድ ስሎው» ነው፤ «ፈጥኖ ማሰብ፣ ቀስ ብሎ ማሰብ» እንደማለት። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ካኔማን የሥነ ልቦና ሊቅ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው፤ በ2024 ዓለምን ተሰናብቷል። አብዛኛውን ሥራ አብሮት የሠራው አሞስ ትቨርስኪ ግን ቀድሞት በ1996 ስላረፈ ሽልማቱን አልተካፈለም።

የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ቀላል ነው። አእምሯችን ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። አንደኛው ፈጣንና ልፋት የለሽ ነው፤ የሰውን ፊት አይቶ መቆጣቱን የሚያውቀው እሱ ነው። ሁለተኛው ዘገምተኛና ሰነፍ ነው፤ 17ን በ24 ለማባዛት የሚጠራው እሱ ነው። ችግሩ ሁለተኛው መጠራት ባለበት ቦታ አንደኛው ቀድሞ መልስ መስጠቱ ነው።

ለተጫዋች በጣም የሚጠቅመው ስለ ኪሳራ የተጻፈው ክፍል ነው። እስቲ ምረጡ፦ 900 ብር በእርግጠኝነት ታጣላችሁ፣ ወይም ደግሞ 1,000 ብር የማጣት ዕድላችሁ 90 በመቶ ሆኖ 10 በመቶ ምንም አታጡም። በአማካይ ሁለቱም 900 ብር ያሳጣሉ። አብዛኛው ሰው ግን ሁለተኛውን ይመርጣል። ሰው ትርፍ ላይ ሲሆን ጠንቃቃ ነው፤ ኪሳራ ላይ ሲሆን ግን ደፋር ይሆናል። «የተበላሁትን ላስመልስ» የሚለው ነገር ምንጩ ይኸው ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 500 ብር የተበላ ሰው በ4:30 ላይ የሚያስይዘው ብር ከሁሉም ትልቁ የሚሆነው ለዚህ ነው። ካርታው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰውዬው ሒሳብ ነው።

አንድ ቁም ነገር ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የመጽሐፉ አራተኛ ምዕራፍ ሳናውቀው በጥቃቅን ምልክቶች ጠባያችን እንደሚቀየር በሚናገሩ ሙከራዎች ላይ የቆመ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ከእነዚህ ሙከራዎች በርካቶቹን ሲደግሟቸው ውጤቱ አልተገኘም። ካኔማን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 በጥቂት ሰዎች ላይ ለተሠሩ ጥናቶች ከሚገባው በላይ እምነት እንደሰጠ በአደባባይ ጽፏል። የሚገርመው ደግሞ እሱና ትቨርስኪ በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ ተመራማሪዎች ከትንሽ ናሙና ትልቅ ድምዳሜ እንደሚወስዱ ያስጠነቀቁት እነሱው መሆናቸው ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ!

ይህ መጽሐፉን አይጥለውም። እንዲያውም ከመጽሐፉ ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው ባይ ነኝ። ስህተቱን በስም የሚያውቀው ሰው እንኳን ከስህተቱ አያመልጥም። አራተኛውን ምዕራፍ ዝለሉት፤ ስለ ትንሽ ናሙና፣ ስለ ኪሳራና ከልክ በላይ ስለመተማመን የሚናገሩትን ግን ደግማችሁ አንብቡ። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፦ በሽታውን በደንብ ይነግረናል፤ ልምምዱን ግን አይሰጠንም።

ታሌብ፦ ያልወጡትን ቲኬቶች መቁጠር

ሁለተኛው የናሲም ኒኮላስ ታሌብ «ፉልድ ባይ ራንደምነስ» ነው፤ በአጋጣሚ መታለል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። ታሌብ ሊባኖስ ውስጥ የተወለደ፣ ለዓመታት በገንዘብ ገበያ ላይ የነገደ ሰው ነው።

የታሌብ ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ሰው ሲሳካለት ስናይ፣ ተመሳሳይ ነገር አድርገው ያልተሳካላቸውን ቆጥረናቸዋል? በመጽሐፉ ውስጥ አስደንጋጭ ምሳሌ አለው። ስድስት ጉድጓድ ባለው ሽጉጥ ውስጥ አንድ ጥይት ተከቶ ግንባሩ ላይ ለሚተኩስ ሰው 10 ሚሊዮን ዶላር ይሰጠዋል። ከስድስቱ በአምስቱ ሰውየው ሀብታም ይሆናል። ጋዜጣው ፎቶውን ያወጣል፤ ልጆች ይቀኑበታል። ሀብቱን ያየ ሁሉ፣ ሊሆን ይችል የነበረውን ሌላውን ታሪክ አያየውም።

ወደ እኛ ሰፈር እናምጣው። 1,000 ወጣቶች ሳንቲም እየወረወሩ የ10 ጨዋታዎችን ውጤት «ይተነብያሉ» እንበል፤ እያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት እኩል ዕድል ብቻ አለው። ማንም ምንም አያውቅም። እንዲያም ሆኖ በአማካይ ከመካከላቸው አንዱ አስሩንም ያገኛል፤ ምክንያቱም ዕድሉ ከ1,024 አንድ ነው። የቀሩት 999ኙ ቲኬታቸውን ቀደው ይሄዳሉ። የአንዱ ቲኬት ግን በቴሌግራም ይዞራል። በማግስቱ «ምስጢሩ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እሱም ምስጢር እንዳለው ማመን ይጀምራል። ታሌብን ያነበበ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «ስንት ሰው ሞከረ?»

እንደ ጽሑፍ መጽሐፉ ጉድለት አለበት። ታሌብ ይመጻደቃል፣ ይሳደባል፣ አንዱን ሐሳብ አምስቴ ይደጋግማል። የባሰው ግን ችኩል አንባቢ «ለካ ሁሉም ዕድል ነው!» ብሎ መጽሐፉን ሊዘጋው መቻሉ ነው። ለፖከር ይህ ትክክል አይደለም። ፖከር ውስጥ ክህሎት አለ፤ ግን በአንድ ምሽት አይታይም፤ በሺህ በሚቆጠሩ ጨዋታዎች ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። እንደ ጨው ምጥን በአንድ ጉርሻ አይታወቅም ልል ነበር፤ ግን ይባስ ብሎ በአንድ ወር ጉርሻም አይታወቅም! ታሌብ ትሕትናን ያስተምራል፤ ትዕግሥትን ግን ከሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

ሌቪን፦ የተቃዋሚ ሰምና ወርቅ

እስካሁን ያየናቸው መጻሕፍት ከራሳችን ጋር የሚያጣሉን ናቸው። ፖከር ግን ፊት ለፊት ሌላ ሰው አለው፤ ካርታውንም ይደብቃል። እዚህ ላይ ነው የዶናልድ ሌቪን «ዋክስ ኤንድ ጎልድ» የሚመጣው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖሮ ያጠናውን ይዞ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1965 አሳተመ። ርዕሱ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው።

ሰምና ወርቅን ትምህርት ቤት ተምራችሁታል፦ ላይ ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ። ሌቪን ይህን የቅኔ ጥበብ ወደ ኑሮ አወረደው። በእሱ አተያይ ሰው በሁለት ትርጉም የሚናገረው ለመቀለድ፣ በጨዋ አንደበት ለመንካት፣ ባለሥልጣንን ለመተቸትና የግል ነገሩን ለመሸፈን ነው። ይህ ከካርታ ጋር ምን አገናኘው?

የፖከር ተጫዋች «300 ብር ጨምሬያለሁ» ሲል ሰሙ «ጥሩ ካርታ ይዣለሁ» ነው። ወርቁ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንሽተርን በ1944 በታተመው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፋቸው ውስጥ ፖከርን በሒሳብ መርምረው እንዳሳዩት፣ በፖከር ማስመሰል የክፉ ጠባይ ምልክት አይደለም፤ የስሌቱ አካል ነው። ጥሩ ካርታ ሲይዝ ብቻ ብር የሚጨምር ሰው ወዲያው ይነቃበታል፤ ያኔ ጥሩ ካርታውም አይበላለትም።

ከቅኔ የምንማረው ደግሞ ይህን ነው፦ ሰሙ ራሱን ችሎ ትርጉም ካልሰጠ ቅኔው አይሠራም። ማስመሰልም እንዲሁ ነው። ከመጀመሪያዋ ካርታ ጀምሮ ሲፈራ የቆየ ተጫዋች መጨረሻ ላይ በድንገት ብሩን ሁሉ ቢገፋ ማንም አያምነውም፤ ሰሙ ተቀዷል። ስለዚህ ተቃዋሚያችሁን ስትመረምሩ «ይዋሻል ወይስ አይዋሽም?» ብላችሁ ዓይኑን ከማየት ይልቅ «የነገረኝ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይገጥማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አደጋም አለው። ወርቅ መፈለግ የለመደ ሰው ወርቅ በሌለበትም ያገኛል። ተቃዋሚው በድካም ያደረገውን ነገር ሁሉ እንደ ምስጢር መፍታት ከጀመራችሁ ቅኔ ዘረፋችሁ እንጂ ጨዋታ አልተጫወታችሁም። ሌቪን ላይም የሚነሳው ትችት ከዚህ ይቀራረባል፤ የአንድን ማኅበረሰብ ጠባይ ሰፋ ባለ ብሩሽ ይስላል፣ ከአንድ አካባቢ ተነስቶ ብዙ ይደመድማል። በ1965 አሻሚ ንግግር ከዘመናዊ ኑሮ ጋር መጣጣሙን ይጠራጠር የነበረው ሌቪን፣ ከ20 ዓመት በኋላ በ1985 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ግን ለአሻሚነት ጥብቅና ቆሟል። ሐሳቡን መለወጥ የሚችል ደራሲ ለተጫዋች ጥሩ አርአያ ነው።

ፓንክረስት፦ ከመጀመሪያው ግጭት በፊት

ከአዲሱ ገበያ ወደ ስድስት ኪሎ ብትወርዱ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበረው የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በተቋሙ መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ቼዝ፣ ማለትም ስለ ሰንጠረጅ፣ ረጅም ጽሑፍ አውጥቷል። በዚያው ዓመት ስለ ገበጣም ጽፏል።

ሰንጠረጅ ከምናውቀው ቼዝ የሚለይበት አንድ ድንቅ ሕግ ነበረው። መጀመሪያ ላይ ተራ የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። አንደኛው የሌላውን ጠጠር የበላ ጊዜ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ አንድ ዓይን በራስ ሰልፍ ላይ፣ አንድ ዓይን በተቃዋሚው ላይ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ በጠንካሮቹ ጠጠሮች ንጉሡን መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በደካሞቹ መያዝ ግን ያስመሰግን ነበር።

ለፖከር ተጫዋች ሁለቱም ያስተምራሉ፤ አንዱ በአዎንታ፣ ሌላው በማስጠንቀቂያ። ወረራው የሚያስተምረን ትልቁ ሥራ ከመጀመሪያው ግጭት በፊት እንደሚሠራ ነው። የት ተቀመጥኩ? ማን ችኩል ነው? ማን ዝምተኛ ነው? ስንት ብር ይዤ ገባሁ? እነዚህ ጥያቄዎች ብሩ ከመቀመጡ በፊት መመለስ አለባቸው። ሁለተኛው ግን አደገኛ ነው፤ ፖከር ለውበት አይከፍልም። «በደካማ ካርታ አሸነፍኩት» ለማለት ብቻ የሚጫወት ሰው ለጭብጨባ ሲል ኪሱን ያራግፋል።

የጽሑፉን ወሰንም እንወቅ። በሰንጠረጅ ሁሉም ጠጠር ይታያል፤ የተደበቀ ካርታና ዕድል የለም። ስለዚህ ሰንጠረጅ ዝግጅትን ያስተምረን እንጂ ከማናውቀው ነገር ጋር እንዴት እንደምንኖር አያስተምረንም። የፓንክረስት ሥራ የታሪክ ሥራ ነው፤ ምክር ልስጥ ብሎም አልተነሳም። እኛ ነን ምክሩን የምናወጣለት።

ቴትሎክ፦ ደብተሩ

የመጨረሻው የፊሊፕ ቴትሎክና የዳን ጋርድነር «ሱፐርፎርካስቲንግ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ቴትሎክ ለ20 ዓመት ያህል የፖለቲካና የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የሚሰጡትን ትንበያ መዝግቦ ከውጤቱ ጋር አመሳክሯል። በአማካይ ሲታዩ ባለሙያዎቹ በደመ ነፍስ ከመገመት ብዙም አልተሻሉም። በኋላ ግን በ2011 በተጀመረ ሌላ ጥናት በሺዎች ከሚቆጠሩ ፈቃደኞች መካከል ደጋግመው በደንብ የሚተነብዩ ጥቂቶች ተገኙ። ከእነሱ አንዱ በኔብራስካ የሚኖር፣ ከግብርና መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ምስጢር አልነበራቸውም፤ ልማድ ነበራቸው። «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ከማለት ይልቅ «65 በመቶ» ይላሉ፤ አዲስ መረጃ ሲመጣ ቁጥሩን ያስተካክላሉ፤ ሁሉንም ይመዘግባሉ።

መመዘኛው የብራየር ነጥብ ይባላል፤ ግሌን ብራየር የተባለ የአየር ጠባይ ተመራማሪ በ1950 ያቀረበው ነው። ለአንድ ቀን እንሥራው። «ነገ የመዝነብ ዕድሉ 80 በመቶ ነው» ብላችሁ ጻፋችሁ፤ ይህ 0.8 ነው። ከዘነበ ውጤቱ 1 ነው፤ ልዩነቱ 0.2፣ በራሱ ሲባዛ 0.04። ካልዘነበ ልዩነቱ 0.8 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 0.64። ትንሽ ቁጥር ጥሩ ነው። ሁልጊዜ «50 በመቶ» የሚል ሰው ሁልጊዜ 0.25 ያገኛል። እንግዲህ የ30 ትንበያችሁ አማካይ ከ0.25 በላይ ከሆነ፣ ዝም ብላችሁ ሃምሳ ሃምሳ ብትሉ ይሻላችሁ ነበር ማለት ነው። ራስን ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ጨካኝና ርካሽ መስታወት አላውቅም።

የመጽሐፉ ጉድለት ጥያቄዎቹ ላይ ነው። መልሳቸው በግልጽ የሚታወቅና በጥቂት ወራት ውስጥ የሚደርሱ ጥያቄዎችን ነው የሚመርጠው። ታሌብ የሚያስፈራሩን ብርቅዬና ግዙፍ ክስተቶች እዚህ መረብ ውስጥ አይገቡም። ለፖከር ግን ይህ ጉድለት ጥቅም ነው፤ እያንዳንዱ ጨዋታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መልሱን ይሰጣል።

አሁን እውነተኛው ፈተና

ሦስተኛውን ጥያቄ እስካሁን አቆይቼዋለሁ፦ መቼ አለመጫወት እንዳለብን የሚነግረን የትኛው ነው? ውርርድ ቤት እንግባና እናስላው።

በአንድ ጨዋታ ላይ «ከ2.5 ጎል በላይ» እና «ከ2.5 ጎል በታች» ሁለቱም እኩል ዕድል አላቸው እንበል። ለሁለቱም የተሰጠው ኦድ 1.85 ነው። አንዱ ሰው በላይ ላይ 100 ብር፣ ሌላው በታች ላይ 100 ብር አስያዘ። ቤቱ 200 ብር ሰበሰበ። ማንም ያሸንፍ ማን ቤቱ 185 ብር ከፍሎ 15 ብር ያስቀራል። ፍትሐዊው ኦድ 2.00 ነበር። ስለዚህ ካስያዛችሁት 100 ብር በአማካይ 92.50 ይመለሳል።

አሁን አምስት እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን በአንድ ቲኬት ላይ ደርድሩ። ኦዱ ወደ 21.67 ያድጋል፤ 100 ብር 2,167 ብር ሊያመጣ ነው፤ ያጓጓል! ግን አምስቱንም የማግኘት ዕድል ከ32 አንድ ነው። 2,167ን ለ32 አካፍሉት፦ ወደ 67 ብር ከ70 ሳንቲም። በአስር ጨዋታ ደግሞ ከ100 ብሯ በአማካይ የሚመለሰው ወደ 46 ብር ይወርዳል። ከአሸናፊው ላይ የሚቆረጠውን ግብር ገና አልቆጠርንም። «በአንዷ ጨዋታ ወደቀብኝ» የሚለው ሰው የተበላው በዚያች አንዷ ጨዋታ አይደለም፤ ጨዋታ በጨመረ ቁጥር ነው።

ከፖከር ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ፖከር ላይ ፊት ለፊታችሁ ያለው እንደ እናንተ የሚደክም፣ የሚናደድ፣ የሚሳሳት ሰው ነው። ውርርድ ቤት ውስጥ ግን ፊት ለፊታችሁ ያለው ዋጋው ነው፤ ዋጋው ደግሞ አይናደድም፣ አይደክምም፣ ድርሻውንም አስቀድሞ ቆርጧል። እሱን ለማሸነፍ ከቤቱ የተሻለ መገመት ብቻ አይበቃም፤ ከድርሻውም በላይ መሻል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሌቪን ሰምና ወርቅ አይሠራም፤ የሚነበብ ፊት የለም። የፓንክረስት ወረራ ግን ይሠራል፤ ሰልፉን በደንብ ያየ ሰው ጨዋታው ሳይጀመር ይነሳልና።

ስለዚህ ብያኔዬን ልስጥ። አንድ መጽሐፍ ብቻ የማንበብ ጊዜ ያለው ሰው «ሱፐርፎርካስቲንግ»ን ያንብብ፤ ከሁሉም የሚለየው ሥራ ስለሚሰጥ ነው። ሁለት ለሚያነብ ታሌብ ይጨመር፤ ስድቡን እየዘለሉ። ካኔማን ዘገም ብሎ የሚነበብ ነው፤ በአንድ ሳምንት ለመጨረስ አትሞክሩ። ሌቪንና ፓንክረስት ግን ለጨዋታ ሲባል ብቻ ሊነበቡ አይገባም፤ ለራሳቸው ሲባል ይነበቡ፣ ለተጫዋቹ የሚተርፈው ነገር በምርቃት ይመጣል።

አምስቱ አንድ ላይ ሲነበቡ የሚሉት ነገር ደግሞ ብዙ አንባቢ ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። «አስተሳሰቤን አሻሽዬ ብዙ ላሸንፍ» ብሎ የሚጀምር አለ። በደንብ ያነበበ ሰው ግን መጀመሪያ የሚማረው የትኛው ጠረጴዛ ላይ አለመቀመጥ እንዳለበት ነው። ጎበዝ የሚባለው የፖከር ተጫዋች አብዛኛውን ካርታውን የሚጥለው፣ አንዳንድ ጠረጴዛም አይቶ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ አንድ ደብተር አውጡ። ለአንድ ወር በየቀኑ አንድ ትንበያ ጻፉ፤ የዝናብ፣ የጨዋታ፣ የመብራት መጥፋት፣ የፈለጋችሁት ይሁን። ከጎኑ በመቶኛ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ፣ ከዚያም የሆነውን ጻፉ። አንድ ብር እንኳን አታስይዙ። በ30ኛው ቀን አማካዩን አስሉት። ከ0.25 በታች ካገኛችሁ ጥሩ ጅምር ነው፤ በላይ ካገኛችሁም ትምህርቱን ያለ ክፍያ አገኛችሁት።